የአንሶላ ሜዳ

ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ ያዳንኩት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ልጅ በሰባት ዓመቱ ጥርሱን ይነቅላል፤ እኔ በሰባት ዓመቴ ሕንጻ ነቅያለሁ፣ ያውም ገና ሳይተከል። ያላመነ በፀደይ ይምጣና ይይ። ቢጫውና ሐምራዊው አበባ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ተነጥፎ፣ ሰዉ ከነልጆቹ እየመጣ ይንሸራሸርበታል፣ ሽማግሌዎች ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያናፍሱበታል። ይሄን ሁሉ ያቆየችላቸው ልጅ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ሳፋ ላይ ተደፍታ የሆስፒታል አንሶላ ታሻለች። ሐውልት አልጠየቅኩም። ወንበር ቢያቀርቡልኝ ግን አልጠላም ነበር።

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወገቤ ግን አልጠበቀኝም፣ ቀድሞኝ አርጅቷል። ከትምህርት ጋር አምስተኛ ክፍል ላይ ተኳርፈን እስከ ዛሬ አልታረቅንም፤ ስለዚህ ነገሩን እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው። ነጠላ ሰረዝ የጎደለበት አንባቢ ከራሱ ያምጣ።

ቤታችን ያኔም እንደ አሁኑ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ነበር። እማዬና ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ የሆስፒታሉን አንሶላ እያመጡ ያጥባሉ። የሰፈሩ ሴቶችም አብዛኞቹ ሥራቸው ይኸው ነው። ልብስ አጣቢ ሲባል ሥራዋ ማጠብ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ማጠቡማ ቀላሉ ነው። የሚገድለው ማድረቁ ነው። እርጥብ አንሶላ እንደ ሬሳ ነው፣ ብቻውን የሚያነሳው የለም። ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ አንዷ ወደ ቀኝ ሌላዋ ወደ ግራ እየጠመዘዙ ውሃውን ያስተፉታል። ከዚያ ሜዳው ላይ ይዘረጋል። ገመድ ላይ ሳይሆን ሣር ላይ፤ ከታች ሣሩ ከላይ ፀሐዩ ተጋግዘው የሚያነጡትን ያህል የትኛውም ሳሙና አያነጣውም። ጠዋት ከበራችን ስወጣ ደመና ደክሞት መሬት ወርዶ የተኛ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። አበባ የልብስ አጣቢ ጠላት ነው።

ቢጫው አበባ አንሶላ ሥር ከተጨፈለቀ የሚተወው እድፍ በበረኪናም አይለቅም። የሆስፒታሉ የግምጃ ቤት ሴትዮ አንድ ቢጫ ነጥብ ካየች ጥቅሉን በሙሉ ትመልሰዋለች። «በሽተኛ የተኛበት ነው የሚመስለው» ትላለች፤ ሌላ ማን ሊተኛበት እንደሆነ እንጃ። ስለዚህ በየፀደዩ፣ እምቡጡ ሊፈነዳ ሲል፣ ሴቶቹ ማጭድ ይዘው ይሰለፉና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይላጩታል።

ለእኔ አበባው ሰው ነበር። ቢጫዎቹን «ሳቂታ» እላቸዋለሁ። ሐምራዊዎቹን፣ አንገታቸውን ስለሚደፉ፣ «አኩራፊ» እላቸዋለሁ። በማጨጃው ቀን ከእማዬ ኋላ እየሄድኩ የወደቁትን እያነሳሁ አለቅሳለሁ።

«ለምንድነው የምትገድያቸው?»

«ሜዳው የሥራ ቦታ ነው። አበባ ካማረሽ እፍኝ ለቅመሽ ቤት አስገቢ።»

«ሣሩንስ ለምን ተውሽው?»

«ሣር አያቆሽሽም።»

«እኔስ አቆሽሽ የለ? ታጭጂኛለሽ?»

«አንቺን ትቼ ምላስሽን ነው የማጭደው» ትላለች እማዬ ቀና ሳትል። ቀና ካለች ወገቧ ተመልሶ አይታጠፍላትም ነበር። ይሄን ያኔ አላውቅም። እናቴ አበባ የምትጠላ፣ ልቧ እንደ ማጭድ የቆለመመ ሴት ናት ብዬ ነበር የደመደምኩት።

ታዲያ ሰባት ዓመት ከመሙላቴ በፊት በነበረው ዓመት ሴቶቹ ተሰብስበው ወደ ከተማው ቢሮ ሄደው ነበር። ዝናብ ሲበዛ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን፣ አንሶላ የሚሰቀልበት ምሰሶ እንዲተከልላቸው ሊለምኑ። አክስቴ ያንን ቀን ስታወራው አይሰለቻትም። ረጅም ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ አለቃ ተነስቶ ተቀበላቸው። አንድም ቃል ሳያቋርጣቸው፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው። ሲጨርሱ «ጎበዞች! ጎበዞች!» ብሎ እስከ በሩ ሸኛቸው።

«እንዲህ ያለ አድማጭ የት ይገኛል?» ትል ነበር አክስቴ። «ባል እንኳ እንዲህ አይሰማሽም።»

እናም በዓመቱ፣ በሰባት ዓመቴ ፀደይ፣ ማጨጃው ሊደርስ ሲል፣ ሁለት ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይዘው መጡ። በአንድ ዓይናቸው እያጮለቁ፣ እየተጯጯሁ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረበት ችካል ሜዳው ላይ በረድፍ በረድፍ ተከሉና ሄዱ።

«እሰይ!» አለች አክስቴ እያጨበጨበች። «ምሰሶአችን መጣ! አላልኳችሁም? ያ ሽማግሌ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም!»

«አላጠረም?» አለች እማዬ ችካሉን በእግሯ ነካ አድርጋ። ከጉልበቷ አይበልጥም።

«የሰጡሽን ተቀበይ እንጂ እህቴ! ዘንድሮ ጉልበት ድረስ፣ የከርሞ ሰው ይበለን ብቻ፣ ትከሻ ድረስ ያደርሱልናል።»

ሴቶቹ ከችካል ችካል ገመድ ወጠሩ። አንሶላው ተሰቀለ። ግማሹ መሬት እየጠረገ፣ ግማሹ በነፋስ እየተነፋ። እኔ ሪባኖቹን ፈትቼ ፀጉሬን አሰርኩባቸው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አምሮብኝ አያውቅም።

በማግስቱ መሣሪያ የያዙት ሰዎች ተመልሰው መጡ። አብሯቸው ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር። አንሶላዎቹ መሐል ቆሞ ዞር ዞር አለና ሳቀ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አንሶላ ነዋ» አለች አክስቴ።

«አንሶላነቱንማ አየሁ። እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ይደርቃል።»

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የሕንጻ መሠረት ነው» አላት እንደ ሕጻን እያባበለ። «ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። አሳንሰር ሁሉ ይኖረዋል። የከተማው ቢሮ ሰዎች መጥተው ቦታውን ሊያዩ ነው፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ባዶ መሬት ስለሆነ የሚጎዳ ሰው የለም።»

ይሄን ሲል እርጥብ የትራስ ልብስ ፊቱን ይመታው ነበር። በእጁ ገፋ አደረገውና ቀጠለ፤ «እናንተ ሠራተኞች ናችሁ፣ ማስጫ አታጡም።»

አክስቴ አፏን ከፍታ ቀረች። እማዬ ወደ ሰማይ አየች፤ ቀጥሎ ዞር ብላ ግቢያችንን አየች፤ ደግሞ ወደ ሰማይ። ከዚያ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች።

ያኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ እማዬ ደስ ብሏታል። አበባው ለዘላለም ሊጠፋላት ነው፣ ከማጨድ ልትገላገል ነው፣ ሰማዩንም እያመሰገነች ነው። አሁን ግን ዓይኗ የት እንደነበር አውቃለሁ። ሕንጻው ቢቆም ጥላው የት ድረስ እንደሚወድቅ እየለካች ነበር። ጥላው ሜዳውን አልፎ፣ ቀጭኗን መንገድ አቋርጦ፣ ግቢያችን ውስጥ ገብቶ ይተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዳም የለም፣ ግቢም የለም። የሚደርቅ አንሶላ የለም፣ አንሶላ ከሌለ ደግሞ እኛ የለንም።

እኔ ምኑን አውቄ! በእማዬ ላይ አደምኩ። አበባዎቹን እስክትምርልኝ ድረስ አልናገርም ብዬ አፌን ዘጋሁ።

«ምን ሆና ነው?» አለች አክስቴ።

«አኩርፋ ነው።»

«ተመስገን! ጆሮዬ አረፈ» ብላ አክስቴ ጋደም አለች። እንኳን ሊለምኑኝ ቤቱ በዓል ሆነ።

ግን አልተሸነፍኩም። አድማዬ ላይ እንዳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። እኔ ጥጉ ላይ ከተከመረው የአንሶላ ክምር ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ የሳሙና ሽታ ያለው ጎሬዬ ነው። ከዚያ ሆኜ ሰማኋቸው።

«እንሂድና አለቃው ፊት እንጩህ!» አለች አክስቴ።

«ጮኸንለት አልነበር?» አለች እማዬ። ድምጿ የዛለ ነበር። «አምና ምሰሶ ብለን ጮኸን፣ ችካል ተከሉልን። ዘንድሮ ብንጮህ ደግሞ ምን እንደሚተክሉልን እንጃ።»

አንዷ ሳቀች፣ ሳቋን ግን ቶሎ ዋጠችው።

«ስሙኝ» አለች እማዬ። «ለእኛ ብለው አይተዉትም። አጣቢ አይቶ አካፋውን የመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ለአበባው ብለው ግን ሊተዉት ይችላሉ። ዘንድሮ ማጭዱን ስቀሉት። ይብቀል። እስከሚበቃው ይብቀል።»

«አንሶላውንስ የት ልናሰጣው ነው?»

«ቤት።»

«ቤት! በዚህ እርጥበት? ሳንባሽን ትጠይዋለሽ?»

«ሜዳው ለአበባ ከተተወ በኋላስ?» አለች ሌላዋ። «ይመልሱልናል?»

እማዬ «እኛማ ፀሐዩ ይበቃናል» አለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ለአበባው ብለው» የሚለውን ነው። አድማዬ ሠርቷል! እናቴ ተሸንፋለች! ፀሐዩ ይበቃናል ስትል ደግሞ እንደ ድመት ደጅ ተጋድማ ልትሞቅ መሰለኝ። ከክምሩ ውስጥ ዘልዬ ወጣሁና «ይቅር ብዬሻለሁ!» አልኳት። ሴቶቹ ደንግጠው ሊሞቱ ነበር።

«ይቺ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለችው?» አለች አክስቴ ደረቷን ይዛ።

እማዬ ሳቀች መሰለኝ። ወይም አስላት ይሆናል፤ ከዚያን ሰሞን ጀምሮ ሁለቱ መለየት አቅቷቸዋል።

ያ ፀደይ በልጅነቴ ያየሁት ምርጥ ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ፣ እርጥብ አንሶላ እስከ ወለል ተንጠልጥሎ፣ ሁለቱ ክፍሎች ሃያ ክፍሎች ሆኑ። አንዱ አንሶላ ባሕር፣ አንዱ ድንኳን፣ አንዱ የንግሥት መጋረጃ ነው። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ በሳፋዎቹ ውስጥ ይዘፍናል። እማዬና አክስቴ በከሰል ካውያ እርጥቡን እየተኮሱ ሊያደርቁት ይታገላሉ፤ እንፋሎቱ ጣራውን ሞልቶ የሁለቱም ፊት አይታይም፣ ሳላቸው ብቻ ይሰማል። ግድግዳው አረንጓዴ ጢም አበቀለ። «ቤታችንም ሜዳ ሆነ!» ብዬ እየዘለልኩ አሳየኋት።

«አየሁት፣ እናቴ» አለች እማዬ። «አትንኪው።»

ሐኪም ባለፈው ዓመት «ይሄ ሳል ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «ቆይቷል» አለችው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እኔ ልነግረው እችል ነበር። እኔ የባሕሩ ንግሥት ከነበርኩበት ፀደይ ጀምሮ ነው።

ደጅ ደግሞ አበባው ፈነዳ። አቤት አፈነዳዱ! ለዘመናት በማጭድ ሲላጭ የኖረ ሜዳ ቂሙን ተወጣ። ሳቂታዎቹ እስከ ወገቤ ደረሱ፤ አኩራፊዎቹ በመካከላቸው እየተጋፉ ወጡ። ከሥር እኔ ስም ያላወጣሁላቸው ነጫጭ ጥቃቅኖች ነበሩ፤ ንብ ሙሉ ቀን ሲያንዣብብባቸው ሜዳው እንደ ትልቅ ድስት ይንተከተካል። ጠዋት ጠል ሳይረግፍ ከገባሁ ቀሚሴ እስከ ደረቴ ርሶ፣ እጆቼ ቢጫ ሆነው፣ አፍንጫዬ እየበላኝ ነው የምወጣው። እማዬ ትቆጣለች ስል እጄን ብቻ ታጥብልኛለች። ቢጫው ስለማይለቅ «ይሁን» ብላ ትተወዋለች። እናቴ እድፍ አይታ ይሁን ስትል ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

አክስቴ ደግሞ በዚያ ሰሞን አመል አወጣች። ጥሩ ሻርፗን አድርጋ መንገድ ዳር ወዳለው ፎቶ ቤት ትሄዳለች። ከፎቶ አንሺው ጋር በሩ ላይ ቆመው ረጅም ያወራሉ፤ ስትመለስ ትስቃለች። ሊያገባት ነው ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ብዙም ሳይቆይ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ተሸክሞ ሜዳው መጣ፤ ሙሽሮች ማምጣት ጀመረ። ሙሽሮቹን ያየ ሌላ ሰው ቤተሰቡን ይዞ መጣ። አስተማሪያችን ክፍሉን በሙሉ አሰልፋ አመጣችን። እኔ እንደ ባለቤት ከፊት ከፊት እየሄድኩ «ይቺ ሳቂታ ናት፣ ይቺ አኩራፊ ናት፣ እዚህ ጋ አትርገጡ» እያልኩ አስጎበኘሁ።

ስለ አክስቴ ጋብቻ አምና እየተኮስን ሳለን ጠየቅኳት።

«ምን አገባኝ!» አለች ካውያውን ትፍ ብላበት። «ሙሽሮቹን እንዲያመጣልን መጋረጃውንና የስቱዲዮውን ጨርቅ ሁሉ በነጻ ሳጥብለት ከረምኩ እንጂ። ከጨረስኩ በኋላ ሌላ አገባ።»

አንድ ማለዳ እማዬን ሜዳው መሐል አየኋት። ጆንያ ይዛ፣ አጎንብሳ፣ አበባዎቹ መሐል ትሄዳለች። እጇ ወረድ ይልና አንድ ነገር ነጥቆ ጆንያው ውስጥ ይከታል። በድብቅ እየነቀለቻቸው ነው! ሮጬ ደርሼ ጆንያውን ቀማኋት። የብስኩት መጠቅለያ፣ ጠርሙስ፣ የተረገጠ የወረቀት ሳህን። ለማንደጃ የምትለቅም መስሎኝ ተንፍሼ ተመለስኩ። ለካ ከአንሶላው ሥራ በፊት በየማለዳው የሰዉን ቆሻሻ ትለቅም የነበረው፣ ባለ መነጽሩ ሰውዬ «ቆሻሻ መጣያ ሆኗል» የሚልበት እንዳያገኝ ነበር።

የከተማው ቢሮ ሰዎች የሚመጡበት ቀን ደረሰ። እማዬ ቀሚሴን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ፀጉሬን እስኪያመኝ ሠራችኝ።

«ይቺን ምላሳም ቤት ቆልፈንባት እንሂድ» አለች አክስቴ። «አፏን ከከፈተች ጉድ ታፈላብናለች።»

«ተያት» አለች እማዬ። «ዛሬ ትለፍልፍ። እንዳሻት።» ከዚያ ፊቴን በመዳፏ ይዛ፣ «አበባ ልቀሚ፣ ትልቅ አድርገሽ። ካፖርት ለለበሰው ሽማግሌ ስጪው። ቅርብ ሆነሽ፣ ፊቱ ድረስ» አለችኝ።

ሕይወቴን ሙሉ ዝም በይ ስባል ኖሬ ለፍልፊ የተባልኩት በዚያን ቀን ነው። አገር የተሰጠኝ ያህል ተሰማኝ።

ሽማግሌው አለቃ ከሁለት ሰዎች ጋር በዱላው እየተደገፈ መጣ። ባለ መነጽሩ ከጎኑ አልተለየም፤ በቀኝ ጆሮው በኩል ሆኖ ያወራል፣ በግራው ዞሮ ያወራል፣ እጁን እያወናጨፈ ሱቁንና አሳንሰሩን በአየር ላይ ይሠራል። ሽማግሌው ራሱን ይነቀንቃል። ሴቶቹ ዳር ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም። አንዲት ሙሽራ አበባው መሐል ቬሏን አንስታ ፎቶ ትነሳለች። ልጆች ይሯሯጣሉ። ሜዳው በፀሐይ ያበራል።

እኔ ሁለት እጅ የማይጨብጠው እቅፍ አበባ ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«አባባ፣ ይሄ ሜዳ ባዶ አይደለም!»

ሽማግሌው ቆመ። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ እኔ አስጠጋ። ዓይኖቹ ርጥብ ርጥብ ያሉ ነበሩ። ፈገግ አለ።

«ሳቂታዎች አሉበት! አኩራፊዎች አሉበት! ንቦችም አሉበት! ባዶ ነው ያለው ሰውዬ መነጽሩን ያውልቅና ይይ!»

«ጎበዝ!» አለኝ ራሱን እየነቀነቀ።

ባለ መነጽሩ ጣልቃ ሊገባ ሲል ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ሕንጻ የምትሠሩበት ከሆነ እኔ ሁለተኛ ትምህርት ቤት አልሄድም!»

«ጎበዝ! ጠንክረሽ ተማሪ!»

ሽማግሌው ቁጥብ ነው ብዬ አደነቅኩ። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው፣ ልቡ ሲነካ ቃል ያጥረዋል። አበባውን ተቀበለኝ፤ አንዷን ሳቂታ መዝዞ ካፖርቱ ላይ ሰካ፤ አሸተተው። ሙሽራዋ ጠርታው አጠገቧ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ዱላውን መሬት ላይ ቀጭ አደረገና፣ ጆሮው ሥር ለሚያወራው ለባለ መነጽሩ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል፣ «እንዲህ ያማረ ቦታ! ይሄንንማ ማን ይነካዋል!» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ችካሎቹ ተነቀሉ። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ሰፈሩን ዞሬ «ንግግር አድርጌ ነው!» ብዬ አወራሁ። እማዬ በር ላይ ቁጭ ብላ፣ ሥራ ሳትይዝ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጥላ ሜዳውን ታይ ነበር። ሥራ ሳትይዝ ቁጭ ስትል አይቻት ስለማላውቅ አመማት ብዬ ውሃ አመጣሁላት።

ቀጥሎ አጥር መጣ። የብረት አጥር፣ በር፣ ዘበኛ፣ አግዳሚ ወንበር። በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀሉ። ማንበብ የጀመርኩበት ጊዜ ስለነበር እማዬን በእጇ ጎትቼ ወሰድኳት፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየቆጠርኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦

«የሕዝብ መናፈሻ። አበባ መቅጠፍ… ልብስ ማጠብና… ማስጣት… ክልክል ነው።»

ደረቴን ነፍቼ ቀና ብዬ አየኋት። አበባዎቼን የሚጠብቅ ሕግ ወጥቶላቸዋል፤ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እማዬ ሰሌዳውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

«ጥሩ አነበብሽ» አለችኝ። እጄን ይዛ ወደ ቤት ገባን።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንዳለቀሰች አስታውሳለሁ። «ለቅመን፣ ጠብቀን፣ ሳንባችንን ከፍለን!» እያለች። እማዬ ግን አላለቀሰችም። ግቢው መሐል ቆማ ቀና ብላ አየች። ፀሐይ በሜዳው ላይ አልፋ፣ የሚያግዳት ነገር ሳይኖር፣ ቀጥ ብላ ግቢያችን ውስጥ ገብታ ነበር። «ገመዱን አምጡት» አለች። እንደ ድሮው የሚያነጣ ሣር የለም፤ በሳሙናና በክንድ ማካካስ አለብን። ግን ይደርቃል።

ከሰፈራችን ዳቦ ቤት ጀርባ ያሉት አጣቢ ሴቶች ይህንን ፀሐይ እንኳ አላገኙም። ባለ መነጽሩ እዚህ ሲያጣ ሕንጻውን እዚያ ሠራ፤ አሳንሰር ሁሉ አለው። ከሥሩ ያሉት ግቢዎች እኩለ ቀን ላይ መብራት ያበራሉ። አንዷ አጣቢ መጥታ ገመዳችንን ለሰዓታት አውሱኝ ትለን ነበር፤ በኋላ ቀረች።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ቀስ በቀስ ነው ያወቅኩት፤ ካውያ ላይ፣ ሳፋ ላይ፣ ከአክስቴ አፍ እየለቀምኩ። አክስቴ ጣቶቿ አልታጠፍ ስላሏት አሁን የእሷን ጫፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ባወቅኩ ቁጥርም ከጀግንነቴ ላይ እየቆረስኩ ሰጥቻለሁ። እሺ፣ ማጭዱ የተሰቀለው ለአድማዬ ተብሎ አይደለም። እሺ፣ ሰዉ የመጣው በእኔ አስጎብኚነት አይደለም። አንድ ነገር ግን ለማንም አልሰጥም ብዬ ይዤ ነበር፦ ንግግሩ። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ዘግተው ሲቆሙ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የሰማው እኔን ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሞልቶ ነበር። እኔና እማዬ ግቢ ውስጥ የመጨረሻውን አንሶላ እንጠመዝዛለን። በአጥሩ በኩል ሁለት የተማሪ ልብስ የለበሱ ልጆች አበባ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያልፋሉ፤ ዘበኛው «ቀጥፋችሁ ነው አይደል!» እያለ ይከተላቸዋል።

«ተዋቸው፣ ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «ይሄን ሜዳ ያዳንኩት እኔ ነኝ፣ ፈቅጄላቸዋለሁ!»

«አንቺ ደግሞ ጀመረሽ» አለ ዘበኛው። ልጆቹ ሳቁብኝ።

ወደ እማዬ ዞርኩ። በአንድ እጇ አንሶላውን ይዛ፣ በሌላው ግድግዳውን ተደግፋ ሳሏ እስኪያልፍላት ትጠብቃለች። ፀሐይዋ የግቢያችንን ጫፍ መልቀቅ ጀምራለች።

«እማዬ፣ ንገሪያቸው እስቲ። ያ ሽማግሌ እኔ የተናገርኩትን ሰምቶ አይደል አበባዎቹን የማራቸው?»

እማዬ ትንፋሿን ሰበሰበች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ እድፍ ሊለቅ ይችል እንደሆነ እንደምታየው አስተያየት።

«ያ ሽማግሌ?» አለች። «ድፍን ደንቆሮ ነበር እኮ፣ ጆሮው ምንም አይሰማም! ያኔ ምሰሶ የለመንነው ጊዜ ገብቶኝ ነበር፤ ለዚያ አይደል እንዳሻሽ ለፍልፊ ብዬ የለቀቅኩሽ! በይ አሁን ጫፉን ያዢ፤ ፀሐይዋ ለምላስሽ ብላ አትቆምም።»